ከልባሽ ልብስ ስለሚሠራ ድሪቶ፤ አሠራሩ፣ ሒሳቡና ገበያው

ልብስ በሁለት መንገድ ያረጃል። አንደኛው ጨርቁ ራሱ ሲሳሳና ሲበላ ነው። ሁለተኛው ግን ጨርቁ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አንገቱ፣ ክርኑ ወይም ጉልበቱ ስላለቀ ብቻ ባለቤቱ ሲተወው ነው። የሸሚዝ ኮሌታ ቢበላ ጀርባው ገና ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ የሱሪ ጉልበት ቢቀደድ ባቱ አልተነካም። ነጋዴ ደግሞ ያልተነካ ዕቃ ከተነካው ጋር አብሮ ሲጣል አይቶ ዝም ሊል አይገባውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከልባሽ ልብስ የአልጋ ልብስ፣ ማለትም እናቶቻችን ድሪቶ ያሉት ዕቃ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሒሳቡ እንዴት እንደሚያዝና ለገበያ እንዴት እንደሚቀርብ በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

ስለ ስሙና ስለ ታሪኩ

ድሪቶ የሚለው ስም ደረተ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ጨርቅን በጨርቅ ላይ እየደረቡ መስፋትን ያመለክታል። በዘመናት ብዛት ግን ስሙ የድህነት ምልክት ሆኖ ቀርቷል፤ ከዚህም አልፎ ከዚህና ከዚያ ተለቃቅሞ የተጻፈ መጽሐፍ እንኳ «ድሪቶ ነው» ተብሎ ይነቀፋል። ለዚህ ንግድ የመጀመሪያው መሰናክል ይህ የስሙ ነውር ነው። ነገር ግን መደረብ በራሱ ነውር እንዳልሆነ ጋቢያችን ይመሰክራል። ጋቢ ሙቀቱንም ክብሩንም ያገኘው በአራት እጥፍ በመደረቡ ነው። ድሪቶን ያስነቀፈው መደረቡ ሳይሆን ሳይታጠብ፣ ሳይመረጥና ሳይለካ መሠራቱ ነው።

በሌሎች አገሮች የሆነውን ብንመለከት ይህ ይበልጥ ይገለጣል። በቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪን በሳሪ ላይ ደርበው፣ ከሳሪው ጠርዝ በመዘዙት ባለቀለም ክር እየሰፉ «ካንታ» የተባለውን ድራቦ ይሠራሉ። ይህ የቤት ሥራ ዛሬ ከሕንድና ከባንግላዴሽ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ዕቃ ሆኗል። በጃፓን ገጠሮች ደግሞ ገበሬዎች በሰማያዊ ቀለም የተነከረውን ልብሳቸውን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጣፉ ያቆዩት «ቦሮ» የተባለው ልብስ ዛሬ በሙዚየም ተቀምጦ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ ለነጋዴ ትምህርት የሚሰጠው በሰሜን አሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ በአላባማ ወንዝ ጥምዝ ላይ የሚገኘው የጂስ ቤንድ መንደር ታሪክ ነው። የመንደሩ ነዋሪዎች በጥጥ እርሻ ላይ ከነበሩ ባሮች የተወለዱ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ሴቶቻቸው የክረምቱን ብርድ ለመከላከል ያለቀውን የእርሻ ሱሪና ሸሚዝ እየቀደዱ ድራቦ ይሰፉ ነበር። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 እ.ኤ.አ. ባለቤቷ በሞት በተለየ ጊዜ፣ የሥራ ልብሱን ቀድዳ ለመታሰቢያው የሰፋችው ድራቦ ዛሬ ስሙ የታወቀ የጥበብ ሥራ ነው። ኪሱ ተነቅሎ ጨርቁ ሳይደበዝዝ የቀረበት ቦታ፣ ጉልበቱ የነጣበት ቦታ በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ ሁሉም ይታያል፤ ጌጡም ይኸው ነው።

በ1966 እ.ኤ.አ. የዚያ አካባቢ ሴቶች ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ድራቦአቸውን በኒው ዮርክ ገበያ መሸጥ ጀመሩ። ታላላቅ መደብሮች ግን ትእዛዝ ሲሰጡ አንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር በመጠን፣ በቀለምና በንድፍ አንድ ዓይነት እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። ከልባሽ ልብስ በተሠራ ዕቃ ይህ አይቻልም፤ ስለዚህ ማኅበሩ በአዲስ ጨርቅና በተወሰነ ንድፍ ወደ መሥራት አዘነበለ። በ1972 እ.ኤ.አ. ከሲርስ ሮባክ መደብር ጋር የተዋዋለውም ኮርዱሮይ ከተባለው ባለሽንትር የጥጥ ጨርቅ የትራስ ልብስ ለመስፋት ነበር። ማኅበሩ ለብዙ ቤተሰብ ገቢ ካስገኘ በኋላ በ2012 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በሌላ በኩል ግን መደብሮቹ ሊገዙት ያልቻሉት፣ አንዱ ሌላውን የማይመስለው የልባሽ ልብስ ድራቦ በ2002 እ.ኤ.አ. በሂዩስተን ከዚያም በኒው ዮርክ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሥዕሉ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ። ከዚህ የምንማረው ድሪቶን ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር በብዛትና በመመሳሰል ማወዳደር ከንቱ ድካም መሆኑን ነው። የድሪቶ ገበያ ሌላ ነው፤ እርሱንም ወደ ኋላ እንገልጻለን።

ጨርቁ ከየት ይገኛል?

ልባሽ ልብስን ለንግድ ከውጭ አገር ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በድብቅ የገባ ቦንዳ ለሚገዛ ሰው ማበረታቻ ሆኖ እንዳይቆጠር በቅድሚያ እናሳስባለን። በኮንትሮባንድ ጨርቅ የተጀመረ ሥራ ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ የሌለውም ሥራ ሒሳብ አይኖረውም፤ በተያዘም ጊዜ የሚጠፋው ጨርቁ ብቻ ሳይሆን የሰፊዎቹም እንጀራ ነው።

በሕግ የሚገኘው ጨርቅ ግን ጥቂት አይደለም። አንደኛው ምንጭ በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያሉ የቤት ዕቃ ሰጥተው ያረጀ ልብስ የሚቀበሉት ነጋዴዎች ናቸው። ሁለተኛው የልብስ ሰፊዎችና የፋብሪካዎች ቁርጥራጭ ነው። ሦስተኛው ሆቴሎች የሚለውጡት አንሶላ ሲሆን፣ ይህ ለገበር እጅግ ተስማሚ ነው። አራተኛው ደንበኛው ራሱ የሚያመጣው የቤተሰቡ ልብስ ነው።

ስለ ምርጫ

ከሁሉ የሚሻለው ክሩ ተሸምኖ የተሠራ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ይኸውም ፖፕሊን፣ አቡጀዲ፣ ካኪና ጂንስ ነው። ጨርቁ ጥጥ መሆኑን ለማወቅ ከስፌቱ ውስጥ ጥቂት ክር መዝዞ በወረታ ይዞ ከውኃ ዕቃ በላይ ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፤ ሽታውም የወረቀት ነው፤ አመዱም ለስላሳ ነው። ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ እሳቱንም ሲያርቁለት ይጠፋል። ፖሊስተርና ናይሎን ግን ይቀልጣሉ፤ ሲበርዱም ጠንካራ እንክብል ይሆናሉ።

ከዚህ በኋላ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ይገባል። ብርሃን እንደ ወንፊት የሚያሳልፈው ቦታ ያለቀ ነውና ይቆረጣል። በሁለት እጅ ይዞ ሳብ ሲያደርጉት የሚሰነጠቅ ጨርቅ ምንም ቀለሙ ቢያምር አይወሰድ። ሹራብና ካናቴራ ስለሚለጠጡ ሌላውን ያጣምማሉ፤ የግድ ከተፈለጉ ከሥራቸው ስስ የተሸመነ ጨርቅ ይሰፋባቸዋል። ደግሞም ወፍራሙን ጂንስ ከስሱ ፖፕሊን አጠገብ መስፋት ስሕተት ነው፤ በእጥበት ጊዜ ብርቱው ደካማውን ይቀድደዋል። ስለዚህ የወፍራሙን ጨርቅ ለብቻ፣ የስሱን ለብቻ መለየት የጥሩ ሠራተኛ ምልክት ነው።

ስለ ንጽሕና

ገዢ ልባሽ መባሉን ሲሰማ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ተባይና ስለ በሽታ ነው። ይህንን ፍርሃት በንግግር ሳይሆን በሥራ ማስወገድ ያስፈልጋል። ቅማልንና የእከክ ተባይን ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት በ10 ደቂቃ ውስጥ ይገድላቸዋል። ስለዚህ የጥጥ ልብስ ሁሉ ገና ሳይፈታ በ60 ዲግሪ ውኃ በሳሙና ይታጠብ፤ ይለቅለቅ፤ በፀሐይም ይድረቅ፤ በመጨረሻም ስፌቱ ላይ ሳይቀር በጋለ ካውያ ይተኮስ። ሱፍ በሙቅ ውኃ ይጨማደዳልና ከጥጥ ጋር ፈጽሞ አይታጠብ።

መታጠቡ ሌላም ጥቅም አለው። ሊሸበሸብ ያለው ጨርቅ አስቀድሞ ይሸበሸባል፤ ቀለሙን የሚለቅቀውም ይታወቃል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶ መፈተን ይገባል፤ ነጩን ካቀለመው ሌላውንም ማበላሸቱ አይቀርምና ከሥራው ይውጣ።

ስለ ቁርጥና ስለ ልክ

ለአንድ ሰው አልጋ 150 በ195 ሳንቲሜትር የሆነ ድሪቶ እንሥራ ብንል፣ ሒሳቡ እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ 17 በ17 ሳንቲሜትር ሆኖ ይቆረጣል፤ በየጎኑ 1 ሳንቲሜትር ለስፌት ስለሚገባ ተሰፍቶ ሲያልቅ 15 በ15 ይሆናል። በወርዱ 10፣ በቁመቱ 13 ቁራጭ ሲሰለፍ ጠቅላላው 130 ነው። አዲስ ጨርቅ የሚቆርጥ ሰው ለስፌት ከዚህ ያነሰ ሊተው ይችላል፤ የተለበሰ ጨርቅ ግን ክሩ ስለሚለቅቅ ከ1 ሳንቲሜትር ባይቀነስ ይሻላል።

ከአንድ መካከለኛ የወንድ ሸሚዝ ጀርባ 12፣ ከሁለቱ ፊቶች 6፣ በጠቅላላው 18 ያህል ቁራጭ ይገኛል። ስለዚህ 8 ሸሚዝ ለአንድ ድሪቶ ይበቃል፤ እጅጌዎቹም ለጠርዝና ለመጠባበቂያ ይተርፋሉ። ቁራጩ ሁሉ የክሩን መስመር ተከትሎ መቆረጥ አለበት። በአግድመት የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣልና ድሪቶው እንደ ማዕበል ይነሣል። በካርቶን አንድ ልክ ሠርቶ ሁሉንም በእርሱ መቁረጥ ከዚህ ጉዳት ያድናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደተባለው፣ በመቁረጥ ጊዜ የተገኘ የሚመስለው ፍጥነት በመስፋት ጊዜ ዕዳ ይሆናል።

ስለ ስፌቱ

ድሪቶ ሦስት ክፍል አለው። እነዚህም ፊቱ፣ ሙሌቱና ገበሩ ናቸው።

1ኛ. ፊቱ። ቁራጮቹ በጠረጴዛ ወይም በንጹሕ ወለል ላይ ተደርድረው ቀለማቸው ከታየ በኋላ፣ አሥር አሥሩ በወርድ እየተሰፉ 13 ረድፍ ይሆናሉ። ቀጥሎም ረድፎቹ እርስ በርሳቸው ይገጣጠማሉ። የስፌቱ ትራፊ በካውያ ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ በአንዱ ረድፍ ወደ ቀኝ ከተኛ በሚቀጥለው ወደ ግራ ይተኛ። እንዲህ ሲሆን መጋጠሚያው አያብጥም።

2ኛ. ሙሌቱ። ያለቀ ብርድ ልብስ፣ ያረጀ ጋቢ ወይም የተዳመጠና የተፈለቀቀ ጥጥ ይሆናል። የጥጥ ሙሌት በእጥበት ጊዜ እንዳይሰበሰብ ስፌቱ መቀራረብ አለበት፤ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ከሆነ ግን ይህ ችግር ይቀንሳል። የተቆራረጠ ቡትቶ መሙላት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ይጓጉላል፤ ሳይታጠብ የገባም እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

3ኛ. ገበሩ። ንጹሕ አንሶላ ወይም አቡጀዲ ይበቃል። ገበሩና ሙሌቱ በየጎኑ ከፊቱ 5 ሳንቲሜትር ያህል ይተርፉ፤ በስፌት ጊዜ ይሳባሉና።

ከዚህ በኋላ ገበሩ በወለል ላይ ተወጥሮ ይዘረጋል፤ ሙሌቱ በላዩ፣ ፊቱም በሙሌቱ ላይ ይነጠፋል። ሦስቱም ከመካከል ወደ ዳር በመርፌ ቁልፍ ወይም ለጊዜው በሚይዝ ሰፋ ሰፋ ያለ ስፌት ይያያዛሉ። ዋናው ስፌትም እንዲሁ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር ይሄዳል፤ ከዳር የተጀመረ ግን ጨርቁን ወደ መካከል ገፍቶ ያጨማድደዋል። የስፌቱ መስመር ርቀት 10 ሳንቲሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። በመጨረሻም ትርፉ ተቆርጦ ጠርዙ በሰፊ ጥብጣብ ጨርቅ ይቀመቀማል። ድሪቶ አስቀድሞ የሚያልቀው በጠርዙ ነውና ለዚህ ከሁሉ ብርቱ የሆነው ጨርቅ ይመረጥ።

ስለ ሒሳቡ

ብዙ ሰው «ጨርቁ ከጥቂት ዋጋ በላይ ካልወጣበት ድሪቶውም ርካሽ መሆን አለበት» ይላል። ስፌቱን ለክቶ ላየ ሰው ግን ይህ አነጋገር አይጸናም። ከላይ በሰጠነው ልክ መሠረት፣ ቁራጮቹን በየረድፉ ለማያያዝ 20 ሜትር ያህል፣ ረድፎቹን ለማገጣጠም 18 ሜትር፣ ሦስቱን ክፍል ለማያያዝ 28 ሜትር ያህል፣ ጠርዙን በፊትና በጀርባ ለመስፋት 14 ሜትር ያህል ይፈጃል። ጠቅላላው 80 ሜትር ስፌት ነው። የስፌት መኪና የስፌቱን ርዝመት 2 ተኩል እጥፍ ያህል ክር ስለሚወስድ 200 ሜትር ክር ያስፈልጋል፤ ሲበጠስ የሚባክነው ሳይቆጠር ማለት ነው።

እንግዲህ ዋጋው የሚከፈለው ለእጅ ነው ማለት ነው። ባለሱቁ ዋጋ ሲያወጣ የጨርቁን፣ የእጥበቱንና የማገዶውን፣ የክሩን፣ የመቁረጡን፣ የመስፋቱን ሰዓት ለየብቻ ይጻፍ፤ በዚህም ላይ የሱቁን ወጪና ተገቢውን ትርፍ ይጨምር። የሰፊዋን ሰዓት ሳይቆጥር ዋጋ ያወጣ ነጋዴ ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ ያተረፈው ከእርስዋ ጉልበት የወሰደውን ነው። እንዲህ ያለው ትርፍ ዕድሜ የለውም፤ ሰፊዋ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ድሪቶ ሥራውን ትታ ትሄዳለችና።

ስለ ገበያው

ገዢዎቹ ሦስት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ሙቀት ፈላጊ ነው፤ ለእርሱ ጥንካሬውና ዋጋው ይበቃዋል። ሁለተኛው ጌጥ ፈላጊ ነው፤ እርሱም ሌላ ሰው ቤት የማይገኝ ዕቃ ይፈልጋል፤ የእንግዳ ማረፊያዎችና ጎብኚዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ለእነዚህ አለመመሳሰሉ ጉድለት ሳይሆን የዋጋው ምክንያት ነው።

ሦስተኛው መታሰቢያ ፈላጊ ነው። የልጆቹን የሕፃንነት ልብስ ወይም ከሞት የተለየ ዘመድ ልብስ አምጥቶ እንዲሰፋለት የሚጠይቅ ደንበኛ ማለት ነው። ለባለሱቅ ይህ ሥራ በጨርቅ ላይ ገንዘብ አያስይዝም፤ አደራው ግን ከባድ ነው። ልብሱ ሲደርስ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ይመዝገብ፤ ደንበኛው ንድፉን አይቶ ሳይፈቅድ መቀስ አይንካው፤ ቅዳጁም አዝራሩም ሳይቀር ከዕቃው ጋር ይመለስ። በእኛ አገር የሟችን ልብስ ለነዳያን መስጠት የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ባለሱቁ ሐዘንተኛን እንዲህ ያለ ሥራ እንዲያዝዝ መገፋፋት አይገባውም። ቤተሰቡ ራሱ መክሮ የመጣ እንደሆነ ግን በአክብሮት ይቀበል።

ዕቃው ለማንም ቢሸጥ «ከታጠበ ልባሽ ልብስ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ይሰፋበት። ይህን ሸሽጎ እንደ አዲስ ጨርቅ መሸጥ ማታለል ነው። እውነቱን የተናገረ ግን ምንም የሚጎድልበት የለም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ገዢ የሚፈልጉት ይህንኑ ነውና።

ለላኪዎች ማሳሰቢያ

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዕቃዎች ምደባ ልባሽ ልብስ በ63.09 ቁጥር ሥር ይገባል፤ ለዚህም ልብሱ መለበሱ በግልጽ የሚታይና በጅምላ፣ በቦንዳ ወይም በጆንያ የቀረበ መሆን አለበት። ሙሌት ያለው ድሪቶ ግን የአልጋ ዕቃ ሆኖ በ94.04 ሥር ይመደባል። ስለዚህ በሰነድ ላይ «ልባሽ ጨርቅ» ብሎ የጻፈ ላኪ ዕቃውን በገዛ እጁ ወደማይገባው ቁጥር ያዛውረዋል፤ ተቀባዩም አገር ልባሽ የሚከለክል እንደሆነ ዕቃው በወደቡ ይቆያል። ሙሌት የሌለው፣ ነጠላ ሆኖ የተገጣጠመ የአልጋ ልብስ ደግሞ ሌላ ቁጥር ስላለው የጉምሩክን ቃል አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

በአሜሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ዕቃ ላይ የክሩን ዓይነት መጻፍ ግዴታ ነው። ከአሮጌ ጨርቅ የተሠራና የክሩ ዓይነት በትክክል ሊታወቅ የማይችል ዕቃ ሲሆን፣ ይኸው እንዲገለጥ ሕጉ ይፈቅዳል። ከዚህም ሌላ አንዳንዶቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሙሌት ያለው የአልጋ ዕቃ ሙሌቱ አዲስ ወይም የተሠራበት መሆኑን የሚገልጥ ጽሑፍ እንዲኖረው ያዝዛሉ። ስለዚህ ለውጭ ገበያ በሚሠራው ላይ ሙሌቱ አዲስ ጥጥ ቢሆን ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

በመጨረሻም ይህንን ሥራ ለመሞከር የሚያስብ ባለሱቅ በብዙ ገንዘብ እንዲጀምር አንመክርም። ሦስት ድሪቶ አሠርቶ፣ አንዱን ለራሱ ቤት አስቀርቶ ደጋግሞ አሳጥቦ ይፈትነው፤ ሁለቱን በሱቁ ፊት ዘርግቶ ማን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚል፣ በስንት እንደሚዋዋል በመዝገብ ይጻፍ። የታጠበው ስፌቱ ካልተፈታ፣ ጠርዙም ካልተበላ፣ የሁለቱም ሽያጭ የሰፊዋን ደመወዝ በሙሉ ከፍሎ ጥቂት ከተረፈው ሥራውን ያስፋፋ። ካልተረፈው ግን ዋጋው ከመቁረጡ ወይም ከመስፋቱ በየትኛው ላይ እንደባከነ መዝገቡ ይነግረዋል።